የሞተር ቤቱ ተረካቢ

ሰኞ

ዛሬም የፈለገው ውሃ አልነበረም። ጠጣ፣ አፉን ጠረግሁለት፣ ወዲያው ደግሞ ጀመረ። በደኅናው እጁ የአልጋውን ብረት ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አባባ አንደበቱ ከተያዘ ወዲህ የቀረው ንግግር ይኸው ነው። እኛ ደግሞ አልገባንም።

እስካሁን የሞከርነው፦ ውሃ። አጥሚት። ትራስ ማስተካከል። መስኮት መክፈት። እህቴ ሩቅያ የተዘረጋውን መዳፍ አይታ ዱዓ ነው አለችና መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን አስያዘችው። ወረወረው። ክሩ ተበጥሶ ዶቃው ተበተነ፤ እየለቀመች አለቀሰች። ዕድሜውን ሙሉ ሙስበሃ ከእጁ ተለይቶት የማያውቅ ሰው!

ሐኪሙ ከእንግዲህ ማስታመም ነው ብሏል። እኔ የምፈራው ሳይገባን እንዳይሄድ ነው።

ማክሰኞ

ሩቅያ አዲስ ሐሳብ አመጣች። ስጡኝ ማለቱ ነው፣ ሥራ ቦታው የረሳው ዕቃ ይኖራል አለች። ሥራ ቦታው የድሮው የመብራት ሞተር ቤት ነው። መስመሩ ከሩቅ ተስቦ ጎንደር ከገባ ወዲህ የተዘጋ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

ጠባቂው አያ ታደለ ናቸው፤ ትውልዳቸው ትክል ድንጋይ፣ ከአባባ ጋር እዚያው ሞተር ላይ የኖሩ። "አንች የሰይድ ልጅ አይደለሽም? ምነው፣ ደኅና አይደለም እንዴ?" አሉ። ነገርኳቸው። "እመብርሃን ትማረው" አሉ። አሜን አልኩ።

ውስጡ ጨለማ ነው። ናፍጣው እስካሁን ይሸታል። ሽቦው ተቆርጦ ተወስዷል። ሁለቱ ሞተሮች የሉም፣ ብሎናቸው ብቻ ከሲሚንቶው ወጥቶ ቀርቷል። ሦስተኛው ላይ እርግቦች ጎጆ ሠርተዋል። ልጅ ሳለሁ ከደጅ ሆኜ ድምፁን እየሰማሁ የምፈራው ቤት ይኼ ነው። ዛሬ ያስፈራኝ ዝምታው ነው።

የአባባ ሳጥን ውስጥ ዘይት የጠገበ ኮፍያ ብቻ አገኘሁ። ወሰድኩለት። ዞርም ብሎ አላየው። ብረቱን ሁለት ጊዜ መታ።

ሐሙስ

ኮፍያውን ልመልስ ሄድኩ። አባባ የሥራ ዕቃ ቤቱ አያስገባም ነበርና ከበደኝ።

አያ ታደለ አባባ ይቆምበት የነበረውን ቦታ አሳዩኝ። ሲሚንቶው ጎድጉዷል። እንዴት ትነጋገሩ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል። "ሞተሩ ሲነሳማ እንኳን የሰው ድምፅ መድፍም አይሰማ። በእጅ ነበር እንጂ" አሉ። ጡጫቸውን አዞሩ፤ ናፍጣ ጨምር። አንገታቸውን በእጃቸው ቆረጥ አደረጉ፤ አጥፋ። ከዚያ የደረጃውን ብረት ሁለት ጊዜ መትተው መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ይኼስ ምንድን ነው፣ አያ ታደለ?"

"ይኼማ ተራዬ አልቋል፣ ተረከበኝ ነው። ተረካቢው መዳፉን ከላይ ይጭንለታል። ሳይጭንለት ሞተሩን ጥሎ የሚሄድ የለም። አባትሽማ ተረካቢ ቀርቶበት ስንቴ ቆሞ አድሯል።"

አንድ የዒድ ጠዋት አዲስ ልብሳችንን ለብሰን በር ላይ ስንጠብቀው ቀርቷል። እስከ ዛሬ ቅር ብሎኝ ኖሯል። ለካ ተረካቢ ቀርቶበት ነው።

ቤት ስደርስ መዳፉ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። አልቻልኩም። ብጭንለት ይሄዳል። ለሩቅያ ብነግራት "አታድርጊው፣ ይቆይልን" አለች። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። የሱ መዳፍ እስኪዝል ተዘርግቶ ቆየ።

ዓርብ

ትናንት የቀረሁበት ተረካቢ እኔ ነኝ። ሌላ የማስበው ነገር የለም።

ሰው ከጁምዓ ሲመለስ ሩቅያ ራሷ መጥታ ትከሻውን ደገፈችው። "በቃ፣ ደክሞታል" አለችኝ።

ሁለት ጊዜ መታ። ዘረጋ። እጄን ጫንኩለት። አጥብቆ ያዘኝ፤ ይኼ ሁሉ ጉልበት አለው አላልኩም ነበር። ከዚያ እጁን ከሥር ስቦ አወጣና ደረቱ ላይ አሳረፈው። ዓይኑን ጨፈነ።

ይኼን ስጽፍ ይተነፍሳል፣ ቀስ እያለ። ብረቱን ዳግመኛ አልመታም። ሩቅያ ዶቃውን በአዲስ ክር እየሰካች ነው። እኔ ምን እንደተረከብኩ ገና አላውቅም። ሱቁን ግን አልከፍትም፤ እዚሁ ነኝ።