ለማዋለጃው ክፍል የማታ መብራት

ይድረስ ለእትዬ ሀጂራ፤

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እማዬስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ልጅሽ ማርዋስ፣ ሆዷ ገፍቶ እንዴት ይዟታል? ከብቱስ፣ ሰፈሩስ፣ ዝናቡስ? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናንተ ናፍቆትና ከዚህ አገር የመኪና መጨናነቅ በቀር የነካኝ የለም።

ይህን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። አዎ፣ በገዛ እጄ! እስከ ዛሬ አብሮኝ የሚኖረው ንዋይ ነበር የሚጽፍልኝ፤ እኔ አንድ ስል እሱ ሦስት እየጨመረ። አሁን የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። አስተማሪያችን ወይዘሮ ሰብለወርቅ "እንዳንተ ቶሎ የገባው ተማሪ አላየሁም" ብለዋል። ሌሎቹ ተማሪዎች ሁለት ሽማግሌዎች መሆናቸውን ግን ለማንም አትንገሪ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ቅሬው ካጠራቀመው የዕድር ገንዘብ ለጤና ኬላው ማዋለጃ ክፍል የፀሐይ መብራት ሊገዛ መሆኑን፣ የደሴው ነጋዴም "ባትሪው ውድ ነው፣ ቶሎም ይሞታል፤ እሱን ትታችሁ ጣሪያ ላይ የሚሰጣውን ሶላር ሁለት አድርጉት" ማለቱን በስልክ ነግረሽኛል። ሽማግሌዎቹ የኔን ቃል እየጠበቁ ነው፤ የማርዋም ወር ጥር ነው። የቀረ አባል ቃሉ በጽሑፍ መጥቶ በጉባኤ ይነበባልና ለዒድ የሚመጣው ዘይኑዲን ይህን በእጁ ያደርስልሻል።

ያን ቀን "ለኔ ተዉት፤ ያለሁት መብራት እንደ ምንጭ የሚፈልቅበት አገር ነው" ብዬ ፎክሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ታክሲ ስለምነዳ ከኤርፖርት የሚወጣውን አዋቂ ሁሉ "መብራት በምን ይቀመጣል?" እያልኩ እጠይቅ ጀመር። እዚህ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ድሮፕ ያደረግኩት ፕሮፌሰር "ትርፉ መብራት ውሃ ወደ ተራራ ይግፋበት፤ ሲያስፈልግ ውሃው እየወረደ መብራቱን ይመልሰዋል" አለኝ። ኦኬ፣ ተራራው የት አለ? አገሩ እኮ እንደ አውድማ የተደለደለ ነው። ወደ ዴንተን የወሰድኩት ኢንጂነር ደግሞ "አየር ጨምቆ ከምድር በታች ማስቀመጥ ነው" አለ። በቀልድ እኔን የሚቀድም የለምና ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሰውዬው አልሳቀም። አንዲት ሴትዮ ጭራሽ የቀለጠ ጨው ሙቀት ይዞ ያድራል አለችኝ። ያ ረቢ! እኔ ጨው የማውቀው ለወጥና ለከብት ነው።

በስተምዕራብ በኩል በነፋስ የሚሽከረከሩ የመብራት ማማዎች ሞልተዋል። ነፋሱ ግን እንደኔ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ሰው ሲተኛ ይነፍሳል፣ ቀን ሙቀቱ ሲጠብሰን ይተኛል። የሌሊቱን ለቀን ማቆየት አቅቷቸዋል። እህል በጎተራ፣ ውሃ በእንስራ፣ መብራት በምን? ጭንቅላቴ ዞረ እትዬ!

ለንዋይ ተራራውንም አየሩንም ጨውንም ስዘረዝርለት "አንተ ሰውዬ፣ የጠየቁህ ለአንዲት ክፍል ነው፤ ለቴክሳስ ማን መልስ አለህ?" አለኝ። ሶ፣ ክፍሏን ብቻ አሰብኩ። ሶላሩ ፀሐይ እያለች ይታለባል፤ ስትጠልቅ አንዱም ሁለቱም ያው ናቸው። ማለቢያ የሌለው ሰው ሁለተኛ ላም ቢገዛ ምን ያተርፋል?

ቃሌ ይኸው፣ ቅሬው ፊት አንብቢው፦ አንድ ሶላር ይበቃል፤ ባትሪው ግን አይቅር። የትኛው ባትሪ ዕድሜ እንዳለው እኔ አላውቅም፤ ሲነግሩኝም ተምታታብኝ። ነጋዴው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ ማታ አብርቶ ያሳያችሁ። "ሙዓዊያ እርግጠኛ ነው ወይ?" ካሉሽ፣ በባትሪው አይደለም፤ ፀሐይ እንደምትጠልቅና ምጥ ሰዓት እንደማይመርጥ ግን እርግጠኛ ነው በያቸው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽና ለልጆቹ ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ፤ ለጎረቤትሽ ለዓለምጌጥም እንዲሁ። ማርዋን "አይዞሽ፣ አብሽሪ" በያት። ሆዷ ውስጥ ላለው እንግዳም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ከቻለ በቀን ይምጣ፣ በጨለማ ከመጣም መብራት በርቶ ይቆየው።

ወንድምሽ ሙዓዊያ
አርሊንግተን፣ ቴክሳስ
ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.