አርብ ስለሚፈጨው ቦርዴ፣ ለደንበኞች እርካታ ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ናምጉንግ ሃክሱ
በዴጉ ከተማ የስልክ ጥገና ማዕከል የደንበኞች እርካታ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በማዕከሉ መግቢያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለተደረደሩት የእርካታ ዋንጫዎችዎ ጤንነትን ከልብ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ የሆነውን ነገር በአክብሮት ላሳውቅዎ እወዳለሁ። በአራተኛው መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። ስልኬ በአዲሱ ስክሪኑ ቦግ አለና «እንኳን ደህና መጡ! እባክዎ ቋንቋዎን ይምረጡ» አለኝ። ሦስት ዓመት ከእጄ ያልተለየ ስልክ ነው። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በገዛ ጣቴ፣ ለአገልግሎትዎ ከአስር አስር ሰጥቼ ነበር።

ስሜ ታክ ዩንሶል ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከሁለት ወር በፊት ድረስ በአንድ የግል ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። የድርጅትዎን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ በስልኬ ጀርባ ላይ ተቀርጿል፣ ከስልኩ ላይ ያልጠፋውም እሱ ብቻ ነው።

ስለጠፋው ነገር ልንገርዎ። እንደሚያውቁት የእናንተ ስልክ ባለቤቱ አንዴ ከፈቀደለት እያንዳንዱን ጥሪ ራሱ ይቀዳል። ከዚህ ሀገር ሰው ግማሹ መልከ መልካሙን የውጭ ስልክ ትቶ የእናንተን የሚገዛው ለዚህ ነው፤ አለቃ ወይም አከራይ ነገ ቃሉን ቢያጥፍ ድምፁን ለማሰማት። እኔም ለዚሁ ነው የገዛሁት። የጽሑፍ ውል ይሰጠኝ ብዬ በጠየቅሁ በሦስተኛው ቀን፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ቦንግ ደወሉልኝ።

«መምህር ታክ፣ ውል ውል ማለት ካበዛሽ ከነገ ጀምሮ ባትመጪ ይሻላል። ቁልፉን ለጥበቃው ስጪው» አሉኝ።

«አባረሩኝ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንደፈለግሽ ተርጉሚው። በቃ፣ አትምጪ!»

የተቀዳው ድምፅ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። ለሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽን ስከስ ወይዘሮ ቦንግ የሰጡት መልስ በገዛ ፈቃዴ እንደለቀቅሁ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳልል በመሄዴም ልጆቹ እንዳለቀሱ ይናገራል። መርማሪው ሰውዬ ወረቀቱን አንብቦ ዐይኔን ዐይኔን እያየ «ድምፁ ካለሽ ማክሰኞ ይዘሽ ነይ። ከሌለሽ ያው የአንቺ ቃል ከእሳቸው ቃል ጋር ነው የሚመዘነው፤ እሳቸው ደግሞ ሁለት ምስክር አላቸው» አለኝ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ማለቱ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ባለፈው ሐሙስ ስለላኩልን አፕዴት እጅግ አመሰግናለሁ። «የስልክዎን ደኅንነት ያጠናክራል» ይል ነበር። ማታውን በስክሪኑ መሃል አንድ አረንጓዴ መስመር ከላይ እስከ ታች ተዘረጋ፣ አርብ ጠዋት ሦስት ሆኑ፣ አርብ ከሰዓት ሁሉም ጠቆረ። ስልኩ ግን ይጠራ ነበር፤ ውስጡ በሕይወት አለ፣ ዐይኑ ብቻ ጠፍቷል። ለምን ድምፁን ቀድማ አልገለበጠችም ይሉ ይሆናል። እናቴም ብላኛለች፣ ያውም ከእርስዎ ባነሰ ጨዋነት። ልክ ናችሁ። ቅዳሜ ልገለብጠው ነበር።

2ኛ. ፊርማዬን በማባዛት ረገድ ላሳያችሁት ቅልጥፍና አድናቆቴን ልግለጽ። ሰኞ ጠዋት መግቢያው ላይ ላለችው ወጣት ሠራተኛ ውስጡ ያለ ድምፅ ለክስ እንደሚያስፈልገኝና መጥፋት እንደሌለበት ሦስት ጊዜ ነገርኳት። «አይዞዎት ክብርት ደንበኛችን፣ የሚቀየረው ስክሪኑ ብቻ ነው» አለችኝና ታብሌቱን ሰጠችኝ። በአንዲት ባዶ መስመር ላይ አንድ ጊዜ ፈረምኩ። ማታ በደረሰኝ ቅጂ ላይ ያቺው ፊርማ በሰባት ቦታ ተቀምጣለች፤ አምስተኛው ቦታ «መረጃዬ ቢጠፋ እስማማለሁ» የሚል ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዙ ነገር ተስማምቼ አላውቅም።

3ኛ. ስለ ነጥቡ። ስልኬን የጠገኑት አቶ ፕዮ ጊቴ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጣታቸው በቀጭን ፕላስተር የተጠቀለለ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ አንድ ጠርሙስ የቫይታሚን መጠጥ ይዤላቸው ነበርና በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ስክሪኑን ቀይረው ሲያበቁ መመሪያው እንደሚያዘው የስልኩ አንጎል የሆነውን ቦርድም በነፃ በአዲስ እንደተኩልኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው ፈገግ ብለው ነገሩኝ። ቦርዱ ደህና ነበር። ድምፁም ያለው እሱ ላይ ነው። ይህን ያን ጊዜ እኔ አላወቅሁም፣ ድምፅ እንደምፈልግም ለእሳቸው የነገራቸው አልነበረም፤ መግቢያው ላይ የተናገርኩት ሁሉ መግቢያው ላይ ቀርቷል።

ስልኩ ተነሥቶ እስኪበራ ድረስ ታብሌቱን አቀረቡልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቅር ያለዎት ነገር ካለ ለእኔ ይንገሩኝ፣ ይሳደቡም። እዚህ ላይ ግን አስር ያድርጉልኝ። ዘጠኝ ከሆነ አርብ ጠዋት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆሜ ጥፋቴን ጽፌ ማንበብ አለብኝ። ልጄ ዘንድሮ ነው የምትዳረው፤ በዚህ ዕድሜዬ ያንን ማንበብ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። እኔም አላስጨረስኳቸውም፤ አስርን ነካሁ። በዚህ ከተማ ላላየው ሥራ አስር ያልሰጠ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ለመልእክት አድራሹ፣ ለማሽን ገጣሚው፣ ለባንክ ቤቷ ልጅ ሁላችንም ሳናይ አስር እንሰጣለን፤ የሰው ጉሮሮ በጣታችን እንዳይዘጋ። እርስዎ ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው ታብሌቱ ከስልኩ ቀድሞ እንዲቀርብ ያደረጉት።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ቋንቋ ጠየቀኝ። አቶ ፕዮ ፊቴን አዩ፣ ስልኩን አዩ፣ «ምን ነበረበት?» አሉ። ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

4ኛ. ለትናንቱ የስልክ ጥሪ ልዩ ምስጋና አለኝ። ምክትልዎ ወይዘሮ ኦክ ሚራን ያሉኝን ቃል በቃል የማስፍረው በእናቴ ስልክ ላይ ተቀድቶ ስላለ ነው፤ የእናቴም ስልክ የእናንተው ሥራ ነው፣ አፕዴቱን ግን አልተቀበለችም። የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነበር፦ የተነሣውን ቦርድ ለአንድ ሰዓት መልሳችሁ ግጠሙልኝ፣ አንዲት ፋይል ልገልብጥና ውሰዱት፣ የእናንተው ይሁን።

«ክብርት ደንበኛችን፣ ከልብ አዝናለሁ» አሉኝ። «ነገር ግን በመዝገባችን ላይ አስር ሰጥተዋል። ሙሉ በሙሉ የረካ ደንበኛ ፋይል ይዘጋል፤ የተነሣው አካልም በደረሰኝዎ ጀርባ እንደተጻፈው አርብ ወደ መፍጫው ይላካል።»

«ስሰጥ ስልኩ ገና አልበራም ነበርኮ!»

«ይገባኛል። ነጥቡን መቀየር ይቻላል። ዜሮ አድርገው የባለሙያው ጥፋት ነው ብለው ከጻፉ ቦርዱ ለምርመራ ተብሎ ይቀመጣል፣ ያን ጊዜ ልናየው እንችላለን። አቶ ፕዮ በእርግጥ… በዚህ ዓመት ሁለተኛቸው ይሆናል።»

«ሁለተኛ ሲሆን ምን ይሆናሉ?»

«ውላቸው አይታደስም። ግን እርስዎ እሱን አያስቡ፣ ያ የእኛ የውስጥ ጉዳይ ነው።»

«ጥፋቱ የእሳቸው ነው ብለው ያምናሉ?»

የኮምፒውተር ቁልፍ ሲነካካ ይሰማል። ከዚያ «ቅጹ ላይ ሌላ ምርጫ የለም» አሉኝ።

ክቡር አቶ ናምጉንግ፣ እኔ ከሥራ የተባረርኩ ሰው ነኝ። ከቤታችን በታች ከሩዝ ጋር የሚበላ የጎን ምግብ የምትሸጠው እናቴ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃት «እረፍት ላይ ናት» እያለች ስትዋሽልኝ የሰማሁ ሰው ነኝ። ለእኔው ዓይነት ሰው፣ እውነቷን ለማስረዳት ሌላውን ሠራተኛ እንድታስባርር አማራጭ ያቀረበ ቅጽ የነደፈው ሰው ማን ይሆን እያልኩ ትናንት ሙሉ ቀን አሰብኩ። ለእናቴ ነገርኳትና ኪምቺ የሚባለው የጎመን አቻር የሚቀመጥበትን ገንዳ እያጠበች ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ትቀይሪዋለሽ?» አለችኝ።

«አልቀይርም።»

«ክሱስ?»

«እኔ እንጃ እማ።»

«እኔ እንጃ አይባልም፤ ተምረሽ የለም እንዴ? ጻፊላቸው!» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ስለዚህ ነጥቤን አልቀይርም። አቶ ፕዮ መመሪያችሁን የፈጸሙ፣ ባርኔጣ አውልቀው የማዘንም ዐቅም ያላቸው ብቸኛው ሰው ናቸውና አስሩ የእሳቸው ነው፣ ይቀመጥላቸው። ለእርስዎ የምሰጠውን ነጥብ ግን በየትኛውም ታብሌት ላይ ቦታ ስላልተዘጋጀለት በዚህ ደብዳቤ ላይ ሰጥቻለሁ፤ ደብዳቤውንም ዛሬ ረቡዕ ለኮሚሽኑ መርማሪ፣ ለሸማቾች ጥበቃ ቢሮና ሰው ለሚያነበው ጋዜጣ ልኬያለሁ። ነገ ሐሙስ በሩ ሲከፈት መጥቼ በአራተኛው መስኮት ፊት እቆማለሁ። ቦርዱ ተመልሶ ይገጠም፣ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንዷን ልውሰድ፣ ከዚያ ብትፈልጉ ፍጩት፣ ብትፈልጉ በማር ለውሱት። እምቢ ካላችሁም አርብ መኪናው በሚጫንበት በር ላይ እገኛለሁ፤ ቦርዴ በጤናው እንደተፈጨ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋልና።

ከእንግዲህ ያልከፈትኩትን ሣጥን «ረክቻለሁ» ብዬ አልፈርምበትም። በአንድ መስመር ላይ ያኖርኳት ፊርማ ሰባት ቦታ ስትዞር ዝም አልልም። የእኔ መብት በሌላ ሰው መባረር እንዲመነዘር የሚጠይቅ ቅጽ፣ ማንም በምንም ዓይነት ጨዋነት ቢያቀርብልኝ፣ አልሞላም።

ለከበረው ሥልጣንዎ የሚገባውን ያህል ብቻ ዝቅ ብዬ፣

ታክ ዩንሶል
ያልረካች ደንበኛዎ

ማሳሰቢያ፦ አቶ ፕዮ ይህ ደብዳቤ እንደሚጻፍ አያውቁም፣ አላማከርኳቸውም። ምናልባት በዚህ ሰበብ ውላቸው ሳይታደስ ቢቀር፣ የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽን ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ የትኛው ቅጽ በስንት ቅጂ እንደሚሞላና መርማሪው ቡና ሳይጠጣ እንደማያናግር አሁን በደንብ አውቃለሁ። ማመልከቻቸውን እኔ እጽፍላቸዋለሁ፤ ምስክር ሆኖ የሚቆም ሰውም አለ፣ ወይዘሮ ኦክ ሚራን፣ በገዛ ድምፃቸው። አንድ ሰው ከሥራው ተባርሮ «ራሱ ለቀቀ» ሲባል ቆሜ መስማቱን አንዴ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለተኛ አልሰማም።