አሜን ያልኩበት ክኒን

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ራስሽን እንዴት ያደርግሻል? ስትነሺ የሚያዞርሽስ ተወሽ? ጉልበትሽ ደረጃውን ይወጣልሻል? አባዬስ ያ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ለአካሌ ደህና ነኝ፤ ለልቤ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬ ጤናሽን የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም፣ የምሬን ነው። ለምን እንደሆነ ታች ስንደርስ ይገባሻል። መደወል አቅቶኝም አይደለም። ስልክ ላይ ደህና ነኝ ደህና ነኝ ብለሽ ታልፊኛለሽ፤ በደብዳቤ ግን አታቋርጪኝም። አንቺ ታናሽ እህቴ ደግሞ፣ የእማዬ ዓይን የቅርቡን ስለማያይላት አንባቢዋ አንቺ ነሽና፣ እንደ ልማድሽ መስመር እንዳትዘይ።

እማዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። እሁድ ዕለት የደረሰብኝን እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

ስለ እማማ ደወል አጫውቼሻለሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ደወል የሚደውሉት፣ ስብከት ሳስረዝም ከፊት ወንበር ሆነው የሚያዛጉብኝ አሮጊት። እሁድ እንደ ወትሮው ደውለው፣ ገብተው ተቀመጡ። የመጀመሪያውን መዝሙር ልንጨርስ ስንል የመዝሙር መጽሐፉ ከእጃቸው ወደቀ። ልታነሳላቸው ያጎነበሰችው ምራታቸው ቀና ስትል ጮኸች። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው ዝሏል። ከመድረኩ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ካባዬ ጠልፎኝ አንድ ጫማዬ እዚያው ቀርቷል። ስትሮክ መሆኑን ለማወቅ ማንም አላስፈለገኝም። በጎናቸው አስተኛኋቸው፣ ውሃ ላጠጣ ያለውን ሁሉ ተቆጥቼ አባረርኩ። የወተት መኪናው ሹፌር እዚያው ስለነበር ሞተሩን አስነሳልንና ወደ ሆስፒታል ከነፍን።

መንገድ ላይ ምራታቸውን የግፊት ክኒናቸውን በደንብ ይውጡ እንደሆነ ጠየቅኳት። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ከተዉት እኮ ቆዩ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ ደህና ነዎት ያሏቸው፣ አለችኝ። ክው አልኩ እማዬ። እኔ? መቼ? በየትኛው አፌ?

ሲገባኝ ደሜ ቀጥ አለ። ሰው ፊቴ ተንበርክኮ ስጸልይለት እጁን እይዛለሁ። ስንት ዓመት ነርስ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝና ጣቶቼ ሳላዛቸው የእጅ አንጓው ላይ ሄደው የልብ ምቱን ይፈልጋሉ፤ ዓይኔም ወደ ሰዓቴ ይሄዳል። ከዚያ አሜን፣ ደህና ነዎት፣ በሰላም ይሂዱ እላለሁ። ለእኔ ቡራኬ ነው። ለእነሱ ግን ሲስተር ለክታ፣ ድነሃል ብላ ማሰናበቷ ነበር! ሌላ ፓስተር ቢሆን ጸለየልን ብለው ክኒናቸውንም ይውጡ ነበር። እኔን ሲስተር ፓስተር ብለው ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አይ የእኔ ነገር።

ነጭ ጋውኔን አውልቄ ይህን ካባ ስለብስ ስንት ቀን እንዳኮረፍሽኝ አልረሳሁም። ያን ጊዜ ምክንያቱን በቅጡ አልነገርኩሽም። ዋርድ ውስጥ አንድ ግንበኛ ታሞ ተኝቶ ነበር። ትንሽ እጄን ይዘሽ ተቀመጪ ብሎ ለመነኝ። ከወዲያ ከወዲህ ይጠሩኛል፤ መጣሁ ብዬው ሄድኩ። ስመለስ እጁ ቀዝቅዟል። ከዚያ ወዲያ የሰው እጅ ይዤ ሳልለቅ የምቆይበት ሥራ ነበር የተመኘሁት። ተምሬ ፓስተር ሆንኩ፤ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ደግሞ ጳጳሱ በመደቡት ቦታ ነው የሚያገለግለውና እዚህ ገጠር መጣሁ። ያ የተመኘሁት እጅ መያዝ ይኸው ሰው ጣለብኝ።

ከሆስፒታል ስመለስ ሰዉ ወሬ ሊሰማ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እየጠበቀኝ ነበር። ከጸለይኩለት ወዲህ መድኃኒቱን የተወ ሰው እጁን ያውጣ አልኩ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው አወጣ፤ ስኳር አለበት። ቀጥሎ የመዘምራን መሪዋ፣ የሚጥል በሽታ ያለባት። ከዚያማ ከየወንበሩ እጅ በእጅ ላይ ተነሳ። እማዬ፣ ምስክርነት የሚሰጡ መስሏቸው ፈገግ እያሉ ነበር እኮ! የመድረኩ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነስቼ ጮህኩባቸው፤ እንዲህ መጮህ መቻሌንም አላውቅም ነበር። አሁን ክኒኑን ፊቴ ሳይውጥ ማንም ጸሎት አያገኝም። ልብስ ሰፊው ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ክሊኒክ የመጣነው ብሎ አጉረመረመ። ሁለቱም ነው፣ ክኒንህን ዋጥ አልኩት።

እማማ ደወልን ትናንት አየኋቸው። በተሳሰረ ምላሳቸው የጠየቁኝ፣ የእሁዱን የመዝጊያ ደወል ማን ደወለ ብለው ነው። ማንም አልኳቸው። ቀኝ እጃቸው አይነሳም፤ ሐኪሙም ይመለስ አይመለስ ገና አላወቀም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ካባውን ጥዬ ልሂድ ሁሉ ብዬ ነበር። እያለቀስኩ ሳለሁ ነው የአንቺ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጨለው፤ እንባዬ ዓይኔ ላይ ደረቀ።

ባለፈው ስልክ ላይ ምን አልሽኝ? አንቺ ከጸለይሽልኝ ወዲህ ራስ ምታቱም ለቆኛል፣ የግፊቱ ክኒን ምን ያደርግልኛል አላልሽኝም? እኔስ ምን አልኩ? አሜን አልኩ! እኔ፣ ነርሷ ልጅሽ፣ አሜን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አንባቢዋ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። ተነሺና ቡፌው ላይ፣ እኔ በነጭ ጋውን ከተመረቅኩበት ፎቶ ጀርባ ያለውን የክኒን ዕቃ አምጪ። አቧራ ይዞ እንደሆነ አትደብቂኝ። ነገ በጠዋት ክሊኒክ ውሰጃት፤ ሐኪሙ እንዳዘዘው እንጂ ያለፈውን ላካክስ ብላ በአንድ ጊዜ እንዳትውጥ።

እማዬ፣ እጅሽን ይዤ እንዳልቆይ ሩቅ ነሽ። መጸለዬን አልተውኩም፣ አልተውም። በእኔ ጸሎት ብለሽ ከተውሽው ግን፣ በእኔ ሞት ዋጪው።

አባዬን ሳሚልኝ፤ ስትውጪ አፍሽን አስከፍቶ ይይልኝ፣ አንቺ እንደሆንሽ ተንኮለኛ ነሽ። መካኒኩ ወንድሜ ለነገው መኪናውን ያዘጋጅ፤ ሚስቱንም ልጆቹንም ሰላም በሉልኝ። ለአንቺ ለአንባቢዋ፣ ዛሬ ካልዘለልሽ ሁለት ጊዜ ሳምኩሽ።

መልስ ስትልኩ ደህና ናት ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ። የተለካውን ቁጥር ጻፉልኝ። አሜን የምለው ያን ጊዜ ነው።

ልጅሽ፣ ሲስተርም ፓስተርም

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን