ስድስት ክንድ መኪና፣ አምስት ክንድ በር

ሰኞ፣ ጥር 4። ከት/ቤት መልስ።

አባ ዛሬም በሩ ላይ ነው። በርጩማ፣ አንድ ጆግ ውሃ፣ ጆሮው አስፋልቱ ላይ። ዓይኑ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ሐኪሙ ከመሪ ውረድ ካለው ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን መኪና የሚያውቀው በድምፅ ነው። ከጣርማ በር የሚወርደው ሁሉ በፊቱ ያልፋል፣ እሱም ፈተና ያርማል። ይሄኛው ቁልቁለቱን በማርሽ አልያዘም፣ ፍሬኑን ጨርሶታል። ያኛው ባሌስትራው ተሰብሯል፣ ባለቤቱ ግን አልሰማም። ሾፌሮቹ አይሰሙትም። እሱም አይተውም።

ሠላሳ ዓመት ጭነት መኪና የነዳ ሰው በርጩማ ሲነዳ ማየት፣ ደብተሬ፣ መጀመሪያ ያስቃል። ከዚያ አያስቅም።

ዜና አለኝ። ጋሼ ሰይድ መጡ። የአባ ታላቅ ወንድም። ቁመታቸው እስከ ትከሻዬ፣ ድምፃቸው እስከ ደብረ ሲና። ከአሁን በኋላ ጋ/ሰ እላቸዋለሁ፣ እስክሪብቶዬ እያለቀ ነው። ዘንድሮ የሁለቱም ሽንኩርት ቀንቷል። ስለዚህ አንድ የድሮ መኪና በጋራ ይገዛሉ፣ አባ ያድሰዋል፣ ለሰርግ ይከራያል። ጋ/ሰ ፊት ወንበር ይቀመጣሉ። (የመጨረሻዋን እሳቸው አላሏትም። አንገታቸው ሲቀና አይቼ ነው የጨመርኩት።)

አባ ይህን ሲሰማ ከበርጩማው ተነሳ። ማንም ሳይጠራው። እማ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችው፣ እኔ እማን አየኋት። ያዢልኝ ይህን።

ቅዳሜ፣ ጥር 9። ደብረ ሲና። 9 ሰዓት።

ፊደሎቼ ቢንቀጠቀጡ የኔ ጥፋት አይደለም። ብርድ! ጉሙ ከገደሉ ስር እየወጣ እግር በእግር ይከተለናል። ጋ/ሰ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበው ኳስ መስለዋል። ሐጂ ኑሩም መኪና ለማየት አብረውን መጥተዋል። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ናቸው፤ ያለ እሳቸው ዱዓ በቤታችን ዶሮም አይገዛም። ዕድሜ ልካቸውን በሬ ሲመርጡ ኖረዋል። ኮፈኑ ሲከፈት ጠጋ ብለው፣ ጥርሷ ስንት ደርሷል አሉ።

መኪናዋ ላንድሮቨር ናት፣ ሙሉ ቤት፣ እስከ ኋላ ጣሪያ ያላት። አረንጓዴ፣ የምታብረቀርቅ፣ ወንበሯ በዳንቴል የተሸፈነ። ሻጩ ጡረተኛ ሰውዬ፣ በር በከፈቱ ቁጥር በመሃረብ ይወለውላሉ። ጋ/ሰ ፊት ወንበር ተቀመጡ። አለቀላቸው። ለሙሽራ አጃቢ እጅ ሰላምታ ሲሰጡ በዓይኔ አየሁ። እግራቸው ወለሉን አልነካም። ሳቄን በሳል ለወጥኩት።

አባ ግን ስሯ ገባ። በመፍቻ አንኳኳ። ዱፍ። ዱፍ። እርጥብ ካርቶን። ሲወጣ ጣቶቹ ቀይ ናቸው፣ ዝገት። ጋ/ሰ እንዴት ናት ሲሉት፣ "ቆንጆ ናት፣ ወንድምጋሼ" አለ።

ያ ረቢ! ቆንጆ ናት ብሎ ዝም!

ሚኒባስ ውስጥ ጆሮው ስር ገብቼ ጠየቅኩት። ጉም ነው የበላት አለኝ። ላይዋ አይዝግም፤ የሚሸከማት ብረት ግን ዓመቱን ሙሉ ሲረጥብ ኖሮ አልቋል፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍነው ቀለም ቀብተውታል። ታዲያ ለምን አልተናገርክም? "ታላቄ ወደዋታላ።" ይኸው ነው መልሱ።

በእኛ ቤት ታላቅ ከወደደው ብረት አይዝግም።

እሑድ፣ ጥር 10። ማጀቴ።

ሙቀት። አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ሰው ተነፈስን። ወፍጮ ቤት ጓሮ ውስጥ አንዲት ኤንትሬ ቆማለች። ካላወቅሻት፦ ያቺ ድሮ አሰብ ስትመላለስ የነበረችው፣ አፍንጫ የሌላት፣ ግንባረ ሰፊ የጣሊያን ጭነት መኪና። አባ ወጣትነቱን የጨረሰባት። ይቺኛዋ ጎማ የላትም፣ ቀለሟ በፀሐይ ነጥቷል፣ ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። ሐጂ ኑሩ ይቺስ ባለቤት አላት ብለው ዶሮዋን ሰላም አሏት።

አባ አንኳኳ። ድምፁ ጓሮውን ዞረው። የት/ቤታችን ደወል ራሱ! (ደወላችን የጭነት መኪና ቸርኬ ስለሆነ ዘመዳሞች ናቸው።) እንደገና አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ወሬ ጀመረ። እጁ መንገድ እየመራው፣ ይሄ የፍሪሲዮኑ እግር ነው፣ ይሄ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይላላል፣ ይሄንን በሚሌ በረሃ በራሴ ቀበቶ አስሬ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ስሯ አቧራ ብቻ ነው አለ። ቆላ ብረት አይበላም፣ ቀለም ነው የሚልሰው። ማንም አልጠየቀውም እኮ! ዓይኑን ረስቶታል።

ጋ/ሰ ፊታቸው ኮሶ። ፊት ወንበሩ ላይ ያለችው ዶሮ ናት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ምክንያት ፈለጉ፣ አገኙ፦ ይቺ ዝሆን በበራችን ትገባለች ወይ?

ሜትር ከወፍጮ ቤቱ ልዋስ አልኩ።

"ሜትር! አባቶቻችን መስጊድ የሠሩት በክንድ ነው። ዞር በይ አንቺ!"

እጅጌያቸውን ሰብስበው በፓራውልቱ፣ በፊት መከላከያ ብረቷ ላይ ክንዳቸውን እያጋደሙ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዱ። ሐጂ ኑሩ እንደ መስጊድ ሙሐደራ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ስድስት ክንድ። ሙሉ ስድስት።

ሰኞ፣ ጥር 11። ሳይመሽ።

በሩ ተለካ። ጋ/ሰ ከመጅሊሱ ፍራሽ አልተነሱም፣ ታላቅ ሰው መሬት ለመሬት አይለካማ። አባ ለካ። አባ ማለት ከሳሎን ሲወጣ ጎንበስ የሚል ሰው ነው። አምስት ክንድ ከጋት አለ። ድምፁ ወደ በርጩማው ተመለሰ።

ስድስት ክንድ መኪና በአምስት ክንድ በር። ማስፋት አይቻልም፣ ግራው የሐጂ ኑሩ ግድግዳ፣ ቀኙ የእኛ ሳሎን። አስፋልት ዳር አቁሞ መሥራትም ክልክል።

ስለዚህ ላንድሮቨር። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በጫት በርጫው ላይ ዱዓ ይደረጋል፣ ለሻጩ ቃል ይሰጣል። በዚህ ቤት ዱዓ የተደረገበት ነገር አይፈርስም። እማ ለምን አባን እንዳገባች ስጠይቃት፣ ዱዓ ተደርጎ ነበራ ትለኛለች።

ለበርጫው ደግሞ እወቂበት። 10 ሰዓት ላይ፣ ምርቃና ሲገባ፣ ላንድሮቨሯ ታድሳ፣ ሦስት ሙሽራ አድርሳ፣ ከሚሴ ቅርንጫፍ ከፍታለች። 12 ሰዓት ላይ መፍቻ የሚያነሳ ሰው የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 13።

ስሚ ስሚ ስሚ።

የአጎቴ ልጅ ሰርግ ስላለ እማ ለሁለቱ ወንድማማቾች ከአንድ ጨርቅ ሸሚዝ እየሰፋች ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስለሰነፍኩ ሁለቱንም በአባ ልክ ቆረጥኩ፣ ወንድማማች አይደሉ እንዴ ብዬ። ዛሬ ጋ/ሰ ለበሱት። እጃቸው ጠፋ። ወላሂ ጠፋ! እጅጌው ጫፍ ላይ ጨርቅ ብቻ ይወዛወዛል።

"ሐያት፣ ይሄ ሸሚዝ ነው ኩንታል?" አሉኝ።

እማ በዓይኗ ቀቀለችኝ። እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። የሚወዛወዘውን ጨርቅ እያየሁ አንድ ነገር ጭንቅላቴን አንኳኳው። እንደ ኤንትሬዋ ጥርት ብሎ ጮኸ።

መኪናዋ ስድስት ክንድ፣ በጋ/ሰ ክንድ። በሩ አምስት ክንድ፣ በአባ ክንድ!

የእማን ሜትር ከአንገቷ ላይ ነጠቅኩ። ጋሼ ላስተካክልልዎ፣ ይዘርጉልኝ። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ 42። (ለሸሚዝ ጣት አይለካም። አልጠየቁም።) ሮጬ ወደ በሩ፣ አባ ክንድህን። 52። ምንድነው ሲል አርፈህ ተቀመጥ አልኩት። በሩን ራሱን በሜትር፦ ሁለት ሜትር ከሰባ።

6 ጊዜ 42። ሁለት ሜትር ከሃምሳ ሁለት።

ትገባለች። 18 ሳንቲ ይተርፋል። ለሰባት ዓመት ሒሳብ ለምን ይጠቅማል ያልኩባቸው አስተማሪዎቼ ሁሉ፣ አፉ በሉኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 14።

ተናደድኩ። ለእማ ነገርኳት። ሳቀች፣ ወዲያው ሳቋን ዋጠች። ታላቅ ሰው ሰው ፊት አይዋረድም፣ እንዳትሞክሪ። ለአባ ነገርኩት። ቁጥሩን ሁለቴ አስደገመኝ። ከንፈሩ ሊስቅ ትንሽ ቀረው። ከዚያ፣ "ተይው ልጄ፣ ወንድምጋሼ ያፍራሉ።"

ይፈሩ! ሰው ለአንድ ሰው እፍረት ሲል ዕድሜውን በርጩማ ላይ ይጨርስ? እሱ የሚያንኳኳው ስቱኮ፣ እሳቸው የሚቀመጡት ወንበር። ነገ ዱዓ ከሆነ አለቀ።

እራት ላይ ተረጋጋሁ። እማ አታዋርጂ ነው ያለችው። ራሳቸው ቢያገኙትስ? ራሱ ያገኘ ሰው ማንን ይከሳል?

ዓርብ፣ ጥር 15። 11 ሰዓት ተኩል።

እጄ አሁንም እርጥብ ነው። በትክክለኛው ሰዓት ገባሁ፣ ምርቃናው ሳይገባ፣ ዱዓው ሳይጀመር። የውሃ ጆግ በአንድ እጅ። እማ ለመጅሊሱ አዲስ ምንጣፍ ልታስመጣ ነው፣ ርዝመቱን በክንድ ትፈልጋለች አልኩ። (እማ የምታውቀው ነገር የለም። አላህ ይቅር ይበለኝ።) ጋሼ እርስዎ ሲለኩ አይሳሳቱም።

ሙገሳ ለጋ/ሰ እንደ ግሪስ ነው፣ ወዲያው ተንቀሳቀሱ። ትራሱን እየገፉ፣ የሰው ጉልበት እየተሻገሩ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ሐጂ ኑሩ ቆጠሩ። አሥር ክንድ።

አባ አንተም ድገመው፣ ለጥንቃቄ። አባ አየኝ። ጥሩ አያይም፣ እኔን ግን አየኝ። ረጅም ጊዜ። ያኔ አይነሳም ብዬ ፈራሁ፣ ደብተሬ፣ እውነቴን ነው። ተነሳ። ለካ።

ስምንት።

የሐጂ ኑሩ ጉንጭ ማኘኩን አቆመ። "ያ ሰይድ፣ ቤቱ ነው የሸሸው፣ ክንድህ?"

"የሁሴን ክንድ ነው! ከልክ ያለፈ ነው፣ ከልጅነቱም እንዲያ ነበር!" አሉ ወደ አባ እየጠቆሙ።

መጅሊሱ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ኑሩ ግን አልሳቁም። ሽማግሌ መቼ እንደሚነቃ አታውቂም። ጣታቸውን ቀሰሩ። መኪናዋን የለካው ማነው? በሩንስ? እኔ ምንም አላልኩም። ሜትሩ ብቻ ከኪሴ ወድቆ ምንጣፉ ላይ ተገኘ። እንዲያው ወደቀ።

ሁሉም ወደ በሩ ወጡ። ጋ/ሰ መሬት ለመሬት ሄዱ! የራሳቸውን ክንድ ጋደም አድርገው በሩን ለኩት፣ ስድስት ክንድ አልፎ ተረፈ። ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ። አባን አዩት፣ አንገታቸውን ሰቅለው።

"ሁሴን። የላንድሮቨሯ ስር እንዴት ነበር?"

"ወንድምጋሼ፣ ስር የላትም።"

"ታዲያ ለምን ቆንጆ ናት አልከኝ?"

"ስለ መልኳ የጠየቁኝ መስሎኝ።"

ያ ጀመዓ! ለካ ቀልዴ ከማን እንደተወረሰ። ጋ/ሰ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ የወጣው ሳቅ ነው። ኤንትሬዋ ትምጣ አሉ። ፊት ወንበሩ ግን የኔ ነው፣ ዶሮዋም ትውረድ። አሚን ተባለ። ዱዓው እዚያው በሩ ላይ ተደረገ፣ ቆመን። አይፈርስም።

ዶሮዋን እንዳያስቀይሟት እንቁላሉ እስኪፈለፈል ይጠበቅ ያሉት ሐጂ ኑሩ ናቸው። ወፍጮ ቤቱ ተደወለለት፣ ስድስት ቀን ቀርቷል ተባለ።

ዓርብ፣ ጥር 22። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው። ጫጩቶቹ ወጥተዋል፣ ስምንት ናቸው፣ ከእናታቸው ጋር ማጀቴ ቀርተዋል። ኤንትሬዋ ግን በተዋሰቻቸው ጎማዎች ላይ፣ በሌላ ጭነት መኪና ተጎትታ፣ አሁን በራችን ፊት ቆማለች። ሰፈሩ ሁሉ ለመግፋት ወጥቷል። ስፔኪዮዎቿን አጥፈናል። ሜትር ይዣለሁ። በግራ አንድ ጋት፣ በቀኝ አንድ ጋት ይተርፋል፣ ለሌላ ለምንም ቦታ የለም። ጋ/ሰ ፊት ወንበር ላይ ናቸው፣ ገና ሳትታደስ፣ በአዲሱ ሸሚዝ። እጅጌው ተስተካክሏል።

መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። አባ ከፊት ሆኖ በድምፅ ይመራኛል፣ ጎማው ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይሰማኛል ብሏል። አምነዋለሁ።

እየጠራኝ ነው። "ሐያት! ያቺን በርጩማ ከበሩ አንሺያት፣ መኪና ሊገባ ነው!"