ለቅሶ የማይቀረው ፒያኖ ተጫዋች

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለቶማስ፤

ከተለየኸን እነሆ ዓመት አለፈህ። እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ክረምቱ ስለከበደ ፒያኖህ እርጥበት ገብቶት ሁለት ሦስት ቁልፎቹ ሲጫኗቸው እዚያው ይቀራሉ። ልጃችን ሂሩት ግን በጣቷ እያነሳች ትጫወትበታለች፤ ግትርነቷ ከማን እንደመጣ ታውቃለህ።

ስለ አንተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ታሪክህን በአጭሩ እነግረዋለሁ። ፕራግ ውስጥ ከልጅነትህ ጀምረህ ጃዝ መጫወትህን፣ በመርከብ ላይ ለመንገደኞች እየተጫወትክ ባሕሩን ማዳረስህን፣ አዲስ አበባ ሆቴል ስትሠራ እኔን አግኝተህ መቅረትህን። በአስተማሪነት ሞጣ ስመደብ ፒያኖህን በጭነት መኪና አስጭነህ፣ የዓባይን ቁልቁለት ዓይንህን ጨፍነህ ወርደህ ተከተልከኝ። ቢቸና ስንደርስ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። ፒያኖው አንድ ነጋዴ መጋዘን ገባ፤ ጥዬው አልሄድም አልክ። እኔም ምደባዬን አስለወጥኩና እዚሁ ቀረን።

የማልነግራቸው አንድ ነገር ግን አለ። እንደመጣን ሰሞን ጎረቤት ሞቶ እማማ ጥሩነሽ ሙሾ ሲያወርዱ ሰማህ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ የሚባል አይቀርህም። የማታውቀው ሰው እንኳ ሲሞት ጋቢህን ደርበህ ሙሾ አውራጇ አጠገብ ትቀመጣለህ። አገሩም እንዲህ ያለ ሰው ወዳድ ፈረንጅ ከየት መጣ እያለ መረቀህ። አንተ የምትሄደው ለዜማው ነበር! ከቀብር መልስ እጅህን ሳትታጠብ ፒያኖው ላይ ትቀመጥና የሰማኸውን ወደ ጃዝ ትለውጠዋለህ። ደህና ደህና ድርሰቶችህ ሁሉ የተወለዱት ከሰው ሐዘን ነው። እኔ ጎረቤት እንዳይሰማ እያፈርኩ በሩን እዘጋ ነበር።

ሕመሙ ሲጸናብህ ግን ሌላ ነገር አስጨነቀህ። ወንድም እህት በሌለኝ አገር ማን ያለቅስልኛል ብለህ ጠየቅከኝ። አገሬ ላኪኝ ልትለኝ ነው ብዬ ፈራሁ፤ አላልክም።

ቶማስዬ፣ የቀብርህን ቀን ምነው ባየህ! ቢቸና ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ከሞጣ በጭነት መኪና፣ ከመርጡለ ማርያም በበቅሎ መጡልህ። የሁሉም ወሬ አንድ ነው፤ አባቴን ቀብሮልኛል፣ ለልጄ አልቅሶልኛል። እማማ ጥሩነሽ ስምህን እየጠሩ ሲያወርዱ፣ ይህን ዜማ ሳይሰማው ቀረ ብዬ ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ፤ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

እውነቱን ለማንም አልተናገርኩም። አሁንማ እውነቱ የቱ እንደሆነ እኔም ግራ ይገባኛል። አንዳንዴ ከለቅሶ ስትመለስ ዓይንህ ቀልቶ አይ ነበር፤ ለዜማው ይሁን ለሟቹ ጠይቄህ አላውቅም። ብጠይቅህ አንተም የምታውቀው አይመስለኝም።

ናፍቀኸኛል። አሁን ለቀብርህ የመጡልህን ሰዎች ለቅሶ እኔ እየደረስኩልህ ነው። ለራሴ ካለቀስኩ በኋላ ይህ ደግሞ የቶማስ ነው ብዬ እንደገና አለቅሳለሁ። እስካለሁ ድረስ፣ ለአንተ ካለቀሱት አንዳቸውም ስምህ ሳይጠራ አይቀበሩም።

ባለቤትህ