ምሰሶው በተቆረጠው የሐጂ ጣሀ ፎቅ ቤት ተማሪ እንዳይገባ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም

ለገራዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ደሴ

ጉዳዩ፦ የታደሰው አዳራሽ ሰኞ ለትምህርት እንዳይከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

እኔ አመልካች በዩኒቨርሲቲው የአርክቴክቸር መምህርት ነኝ። ከደሴ የድሮ ነጋዴ ቤቶች አንዱ የሆነው የሐጂ ጣሀ ፎቅ ቤት ታድሶ መማሪያ እንዲሆን ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ታችኛው አዳራሽ እንደ ትምህርቱ ዓይነት የሚሰፋና የሚጠብ፣ ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ያለው እንዲሆን አቅጄ ነበር። ቤቱ ድሮም እንዲሁ ነበር፤ ዱዓ ሲደረግበት፣ ለቅሶ ሲቀመጡበት፣ ሰርግ ሲደገስበት ኖሯል። ምሰሶው መሐል ቆሞ ለማንም እንቅፋት ሆኖ አያውቅም።

1. በክረምቱ ኮምቦልቻ ወርጄ እናቴን ሳስታምም፣ የግንባታው ኃላፊ ኢንጂነር ስለሺ «ሰሌዳ ይጋርዳል» ብለው ምሰሶውን አስቆረጡት። የፎቁ ወለል ያረፈው እሱ ላይ ነበር። ስመለስ ወለሉ ወደ ታች ጎብጦ፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ አገኘሁ።

2. ሥራው እንዲቆም ለኮሌጃችን ዲን በጽሑፍ አመለከትኩ። ኢንጂነሩ በሠራተኞች ፊት «አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሥዕል ደብተርሽ አይደለም፤ ሂጂና ክፍልሽን አስተምሪ» አሉኝ። በማግስቱ ከፕሮጀክቱ ታገድኩ። ስንጥቁ በጀሶ ተደፈነ፤ ለምረቃው ቀለም ተቀባ።

3. ቀጥሎ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሸህ በሺርና አቶ ፈንታሁን ኢንጂነሩን ይዘው ኮምቦልቻ አባቴ ቤት ድረስ መጡ። ስለ ምሰሶው መናገር ስጀምር ሸህ በሺር «ተይው ልጄ፤ ግንብ ግንብ ነው፣ ሰው ይበልጣል» አሉ። አቶ ፈንታሁንም «አሳፍረሽ ልትመልሺን ነው?» ሲሉ አባቴ አቀረቀረ። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ከኢንጂነሩም ጋር አውፍ ተባባልን። ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

በሳምንቱ ግን ማመልከቻዬ «በግለሰቦች መካከል የነበረው አለመግባባት በእርቅ ስለተፈታ» ተብሎ ተዘጋ።

ክቡር ሆይ፣ እኔና ኢንጂነር ስለሺ ታርቀናል። የፎቁ ወለል ግን ሽማግሌ አይሰማም። ያመለከትኩት ሰው አስቀየመኝ ብዬ ሳይሆን ቤቱ ሊወድቅ ነው ብዬ ነው። ከዚህ በላይ ወዴት እንደምጮህ አላውቅም፤ ዲኑ ስልኬን አያነሡም፣ ጥበቃዎቹም እንዳያስገቡኝ ታዘዋል።

ስለዚህ ሰኞ እዚያ እንዲገቡ የተመደቡት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሌላ ክፍል እንዲሰጣቸው፣ ወለሉ ዛሬውኑ በድጋፍ እንጨት እንዲያዝ፣ ከግንባታው ጋር ንክኪ የሌለው መሐንዲስም ቤቱን እንዲመረምር እለምናለሁ። ወደ ፕሮጀክቱ መልሱኝ አልልም፤ በእሱ ሌላ ቀን እከራከራለሁ።

ትእዛዝ ካልተሰጠ ግን ሰኞ ጠዋት ከአዳራሹ በር ላይ እቀመጣለሁ። ለሚመጣው ተማሪ ሁሉ ከራሱ በላይ ምን እንደተንጠለጠለ እነግረዋለሁ። እኔን ከዚያ በር የሚያስነሣ ኃላፊ ካለ፣ አስቀድሞ የገዛ ልጁን ከወለሉ ሥር ያስቀምጥ።

ከሰኞ በፊት ውሳኔዎን እንደሚሰጡኝ በመማጸን፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ፊርማ
ዊዳድ ሙዓዊያ