አጎትሽን ያተረፈው ትምህርትሽ

ለልጄ ለስርጉት፤ መድኃኔዓለም በሰው አገር በሞገስ ያቁምሽ። እኛ ደህና ነን፣ ገብሱም ገብቷል።

የአባትሽ ታናሽ ዓለምነው ግን አስደንግጦን ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። በዚያ ብርድ ላቡ ይንቆረቆራል። "ብርድ መትቶኝ ነው፣ ይለቀኛል" አለኝ። አባትሽም አውድማ ላይ እንዲሁ ብሎ ነው የቀረው። ያን ጊዜ በስልክ ያስረዳሽኝ ትዝ አለኝ፤ የደም ሕዋስን ከደም ሥር ግድግዳ ጋር የሚያጣብቀው ነገር ከሰው ሰው እንደሚለያይ፣ በዘር እንደሚወረስ፣ አንዳንዱም ልብን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ። "ተነሥ! ወንድምህን የቀበርሁት ይበቃኛል" ብዬ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስሁት።

ለሐኪሙ ይህን ሁሉ ብነግረው፣ "በጊዜ ነው ያመጧቸው። ማን አስተማረዎት?" አለኝ።

"ይህንኑ የምትመረምር ልጅ አለችኝ" አልሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላፈርሁም። ዓለምነውም ድኖ፣ ለጠየቀው ሁሉ "ያተረፈችኝ የወንድሜ ልጅ ናት" ይላል።

ልጄ፣ የሰውን ደም ስታዪ የራስሽን አትርሺ። አንቺም የአባትሽ ልጅ ነሽ። እባክሽ ተመርመሪና ሳትደብቂ ንገሪኝ። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

እናትሽ ታንጉት